የአበባዋ ውለታ፣ የሌሙሯ ሐቅ



ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በሳይንስ ፈተና ላይ የማይቀር አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የደን ጥቅሞችን ዘርዝሩ።» መልሱን አብዛኞቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። አፈር እንዳይሸረሸር ይከላከላል፣ ዝናብ ያመጣል፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያገለግላል፣ ለመድኃኒት ይሆናል፣ ቱሪስት ይስባል። አምስቱን የጻፈ አምስት ማርክ ያገኛል። ከትምህርት ቤት ተመልሰን ወደ መድረሳ ስንሄድ ግን ጥያቄው ይለወጥ ነበር። ኡስታዛችን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩን «ይህ ምን ይጠቅማል?» ከማለታቸው በፊት «ይህ የማን ነው?» ይሉን ነበር። እኛም በአንድ ድምፅ «የአላህ!» እንል ነበር።

ሁለቱ ጥያቄዎች አይጣሉም፤ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍጥረትን በጥቅሙ ይመዝነዋል፤ ሁለተኛው ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ነገ ተመርቀን መንገድ የምንቀይስ፣ ግድብ የምንሠራ፣ ፋብሪካ የምንተክል ተማሪዎች ስለሆንን ልዩነቱ ለእኛ የወሬ ማሟያ አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትም ከአንድ ደሴት የተገኙ ሁለት ፍጥረታትን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። አንዷ በየግቢው የምትበቅል አበባ ናት፤ ሌላዋ ከምድር ገጽ ልትጠፋ የተቃረበች ሌሙር ናት። የሁለቱም አገር ማዳጋስካር ነው።

ሁላችንም የምናውቃት አበባ

አበባዋን ስሟን ባታውቁት እንኳ መልኳን አታጡትም። በተለይ ሞቅ ባሉት ከተሞቻችን በአጥር ሥር፣ በሆቴልና በመሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ባዶ የቀለም ጣሳ ውስጥ ሳይቀር ትተከላለች። ቁመቷ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው። አበባዋ ሮዝ ወይም ነጭ ሲሆን እንደ ኮከብ አምስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ብዙ ጊዜ እምብርቷ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። በእንግሊዝኛ የማዳጋስካር ፐሪዊንክል ትባላለች፤ የሳይንስ ስሟ ካታራንተስ ሮዝየስ ነው።

ይህች አበባ አትመርጥም። አፈሩ አሸዋ ቢሆን፣ ድንጋይ ቢበዛበት፣ ውኃ ቢያጥር ትችላለች። ሙቀት እስካገኘች ድረስ ዓመቱን ሙሉ ታብባለች። ዘሯ ጥቁርና ጥቃቅን ነው፤ በራሱ ይረግፋል፣ በራሱ ይበቅላል። ግንዷ ሲሰበር የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ መርዝ ስላለበት ከብት አይደፍራትም። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1759 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጣት ቀድሞውንም ባሕር ተሻግራ አውሮፓ ገብታ ነበር። ዛሬ በሞቃታማው ዓለም ያልደረሰችበት አገር የለም ማለት ይቻላል።

በደረሰችበት ሁሉ ሰዎች ለባህል ሕክምና ሞክረዋታል። በጃማይካና በፊሊፒንስ ቅጠሏን አፍልተው ለስኳር በሽታ ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ካናዳ ውስጥ ይሠራ ለነበረው ተመራማሪ ለሮበርት ኖብል ሐኪም ወንድሙ አንድ ፖስታ ላከለት፤ ውስጡ ከጃማይካ የመጡ የዚህችው አበባ ቅጠሎች ነበሩ። ኖብል ጭማቂውን ለአይጦች አጠጥቶ ስኳራቸውን ቢለካ ምንም ለውጥ አላገኘም። በመርፌ ሲሰጣቸው ግን አይጦቹ በኢንፌክሽን መሞት ጀመሩ። ምክንያቱ ሲጣራ የነጭ የደም ሴሎቻቸው ቁጥር ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። እዚህ ላይ ሙከራው ከሸፈ ብሎ መተው ይቻል ነበር። እነሱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ነጭ የደም ሴልን እንዲህ የሚቀንስ ነገር፣ ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ ለሚበዛበት ለደም ካንሰር ቢሆንስ? ኖብል ከኬሚስቱ ከቻርልስ ቢር ጋር ሆኖ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ይፋ ያደረጉት ይህ ንጥረ ነገር ቪንብላስቲን ይባላል። በዚያው ዘመን የአሜሪካው የኤሊ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ ወደዚህችው አበባ ደርሰው ነበር። ከእነሱ ሥራ የተገኘው ቪንክሪስቲን እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

አሠራሩን ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ማስረዳት አይከብድም። አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚጎትቱ ገመድ መሰል ነገሮች ይዘረጋል። እነዚህ ገመዶች ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን እንደ ጡብ እየተደረደሩ ይሠራሉ። ቪንክሪስቲን ጡቡን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ገመዱ አይዘረጋም፤ ሴሉም ክፍፍሉን ሳይጨርስ ቆሞ ይሞታል። የካንሰር ሴል ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈል ምቱ በእሱ ላይ ይበረታል። መድኃኒቱ ለታማሚውም ገር አይደለም። ነርቭ ይጎዳል፤ መሰጠት ያለበትም በደም ሥር ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በአከርካሪ በኩል ከተሰጠ ይገድላል። ከብቱን የሚያርቀው መርዝና ሕፃኑን የሚያክመው መድኃኒት ከአንድ ቅጠል ይወጣሉ። ሱብሓነላህ!

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደም ካንሰር ከሚያዙ ሕፃናት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ቪንክሪስቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተቀናጅቶ በሚሰጥባቸው ያደጉ አገሮች፣ በሕፃናት ላይ በብዛት ከሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ከአስሩ ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በአገራችንም የካንሰር ሕክምና ይሰጥበታል። አላህ (ሱ.ወ.) መድኃኒቱን ሳያወርድ በሽታን እንዳላወረደ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ተምረናል። ይህ መድኃኒት ለስንት ዘመን በሰው ደጃፍ አብቦ ሲጠብቅ እንደነበር ማሰብ በራሱ ልብን ያርዳል።

ዓርብን «ዞማ» የሚሉ ሰዎች

ወደ ሌሙሯ ከመሄዳችን በፊት ስለ አገሯ ትንሽ እንበል። ማዳጋስካር በስፋት ከዓለም ደሴቶች አራተኛ ናት፤ ስፋቷ 587,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአህጉራት ተነጥላ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ብቻዋን ስለኖረች አብዛኞቹ እንስሳቷና ዕፀዋቷ ሌላ ቦታ አይገኙም።

ለእኛ ግን ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። የማላጋሲ ቋንቋ የቀን ስሞችን አድምጡ፦ እሑድ አላሃዲ፣ ማክሰኞ ታላታ፣ ረቡዕ አላሮቢያ፣ ሐሙስ አላካሚሲ፣ ዓርብ ዞማ፣ ቅዳሜ አሳቦትሲ። በመድረሳ የዐረብኛ ቀናትን የቆጠረ ሁሉ ወዲያው ያውቃቸዋል። ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የገቡ ሙስሊሞች የተዉት አሻራ ነው። በደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩት አንቴሞሮዎች ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ጽሕፈቱ «ሶራቤ» ይባላል። የወሎና የሐረር ዑለማዎች በዐጀም ጽሕፈት መንዙማና ኪታብ እንዳቆዩልን ማለት ነው። ዛሬ ሙስሊሞች በደሴቷ ላይ ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም የሌሙሯ መኖሪያ አጠገብ ያለው ገበሬ ዛሬም ዓርብን በጁሙዓ ስም ይጠራል።

በጠዋት የምታዜመው ኢንድሪ

ሌሙሮች በተፈጥሮ የሚገኙት በማዳጋስካር ብቻ ነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር በሩቁ ይዛመዳሉ። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መረጃ ከ107 የሌሙር ዝርያዎች 103ቱ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል፤ 33ቱ ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ናቸው። ከእነዚህ አንዷ ኢንድሪ ናት።

ኢንድሪ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሌሙሮች ትልቋ ናት። ጸጉሯ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጆሮዋ ክብ፣ ዓይኗ ብሩህ ነው፤ ጭራዋ ግን ከሌሎቹ ሌሙሮች በተለየ አለ ለማለት እስኪቸግር አጭር ነው። የምትኖረው በደሴቷ ምሥራቃዊ ዝናባማ ደን ውስጥ ብቻ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ እስከ አሥር ሜትር ትዘላለች። አባት፣ እናትና ልጆች ሆነው በትንሽ ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ቤተሰቡን የምትመራው እናቲቱ ናት።

በጣም የምትታወቀው በድምጿ ነው። ጠዋት ላይ የአንድ ቤተሰብ አባላት ተቀባብለው ያዜማሉ። ድምፁ ረጅምና የሚንሰራፋ ነው፤ በደኑ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰማል፤ ሌላው ቤተሰብም ከሩቅ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በዚህ ዜማ ውስጥ ያለው የጊዜ አከፋፈል በሰው ሙዚቃ ውስጥ የሚታወቀውን ምት እንደሚከተል አሳይቷል። የአካባቢው ሰዎች ኢንድሪን «ባባኮቶ» ይሏታል፤ ሰውና ባባኮቶ ጥንት ዝምድና እንደነበራቸው የሚናገሩ ተረቶች አሏቸው። በብዙ ቦታ እሷን መግደል «ፋዲ» ማለትም ነውር ነው። ይህ ነውር ለዘመናት ጠብቋታል፤ አሁን ግን በረሃብና በሰው ፍልሰት ምክንያት በየቦታው እየላላ መጥቷል።

ከዚህ የባሰው የደኑ መጥፋት ነው። ማዳጋስካር እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከተፈጥሮ ደኗ 44 በመቶ ያህሉን አጥታለች። ገበሬው ሩዝ ለመዝራት ደኑን ቆርጦ ያቃጥላል፤ ይህን ልማድ «ታቪ» ይሉታል። ሌላው ደግሞ ለከሰልና ለእንጨት ይቆረጣል።

ሁለቱን ስናነጻጽር

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አበባዋ በአንድ ወቅት ብዙ ዘር ትበትናለች፤ ኢንድሪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ለመውለድ የምትደርሰውም ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ነው። አበባዋ የተሰጣትን አፈር ትቀበላለች፤ ኢንድሪ ለጋ ቅጠል እየመረጠች ነው የምትበላው፤ አልፎ አልፎም ከዛፍ ወርዳ ከደኑ ወለል አፈር ትቅማለች። አበባዋን ቀንጥቦ ወስዶ ሌላ ቦታ መትከል ይቻላል። ኢንድሪን ግን በመካነ አራዊት ለማኖር የተደረገው ሙከራ ሁሉ አልተሳካም፤ ዛሬ በዓለም ላይ በመካነ አራዊት የምትኖር ኢንድሪ የለችም።

በኛ ቋንቋ ብንናገር አበባዋ ትልቅ ሴፍቲ ፋክተር ተሰጥቷታል። ጭነት ቢጨመርባት፣ ሁኔታው ቢለዋወጥ አትሰበርም። ኢንድሪ ግን ለአንድ ደን በልክ የተሠራች ናት። ደኑ ካለ አለች፤ ከሌለ የለችም። በዘር ባንክ አትቀመጥም፣ በሌላ አገር አትተካም።

አሁን የትምህርት ቤቱን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ኢንድሪ ምን ትጠቅማለች? ከዋና ከተማዋ ከአንታናናሪቮ በስተምሥራቅ ወዳለው ወደ አንዳሲቤ ደን ድምጿን ለመስማት የሚሄዱ ጎብኚዎች አሉ፤ ይህ ለአካባቢው ሰው የገቢ ምንጭ ነው። ከዚህ ሌላ ግን መድኃኒት አልሰጠችንም፤ ሥጋዋ አይሸጥም፤ ጉልበቷ ሸክም አይሸከምም። የምትጠቅመን አበባ እኛን አትፈልግም፤ የኛን ከለላ የምትፈልገው ኢንድሪ ደግሞ ያን ያህል አትጠቅመንም። የጥቅም ሚዛን ይህን ማስታረቅ ያቅተዋል።

በመርከቡ በር ላይ

ስለ ደን ጥበቃ ሲነገር ይህችን አበባ እንደ ማስረጃ መጥቀስ የተለመደ ነው። «የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከማዳጋስካር ዕፅ ነው፤ ደኑ ውስጥ ሌላ ስንት መድኃኒት እንዳለ ማን ያውቃል?» ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ከስምንቱ የካታራንተስ ዝርያዎች ሰባቱ የማዳጋስካር ናቸው፤ ከአንዷ በስተቀር እንደ እህታቸው ዓለምን አልዞሩም። አላህ በውስጣቸው ምን እንዳስቀመጠ ሳናውቅ ማጥፋት ያልተነበበ ኪታብ እንደ ማቃጠል ነው።

ነገር ግን ማስረጃውን በደንብ ብንፈትሸው ደካማ ጎን አለው። ያ የ1952ቱ ፖስታ የመጣው ከማዳጋስካር ደን ሳይሆን ከጃማይካ ነው። የማዳጋስካር ደን ነገ ተጨፍጭፎ ቢያልቅ የቪንክሪስቲን ምርት አይቆምም፤ አበባዋ በየአገሩ በእርሻ ትለማለችና። አንድ ግራም ለማውጣት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ደረቅ ቅጠል ስለሚፈጅ ሳይንቲስቶች ሌላ መንገድም ከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዴንማርክ የተመራ የምርምር ቡድን የእርሾን ጂን ለውጦ ቪንብላስቲን የሚሠራባቸውን ሁለት ንጥረ ነገሮች በእርሾ አስመረተ። መንገዱ በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን ለአበባዋም መድኃኒት ብለን አንፈልጋትም ማለት ነው። ያን ጊዜ «ስለምትጠቅመን እንጠብቃት» ያለ ሰው ምን ይላል?

የመድረሳው ጥያቄ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አያ ላይ በምድር የሚንቀሳቀሱትና በክንፋቸው የሚበሩት እንደኛው ኡመቶች መሆናቸው ተነግሮናል። ከሱረቱል ኢስራእም ፍጥረት ሁሉ ጌታውን እንደሚያጠራ፣ እኛ ግን ተስቢሓቸውን እንደማንረዳ ተምረናል። የኢንድሪ የጠዋት ዜማ ለኢንድሪዎቹ የክልል ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሳይንሱ ይህን ያጠናል፤ እኛም እናጠናለን። ከዚያ በላይ ያለውን ግን የሚያውቀው የፈጠራት ነው።

የጉንዳኗን ሐዲስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከነቢያት አንዱን አንዲት ጉንዳን ነከሰቻቸው፤ መንደሯ በሙሉ እንዲቃጠል አዘዙ፤ አላህም ስለ አንዲት ጉንዳን ብለው እሱን የምታጠራ አንዲት ኡማ በማጥፋታቸው ወቀሳቸው። ተግሣጹ ጉንዳን ስለምትጠቅም አልመጣም። እንዲያውም ጉንዳኗ ጎድታ ነበር።

ኑሕ (ዐ.ሰ.) በመርከቡ ላይ ከየዓይነቱ ጥንድ ጥንድ እንዲጭኑ ሲታዘዙም በበሩ ላይ «አንተ ምን ትጠቅማለህ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። በሬውም ገባ፤ ማንም የማይፈልገውም ገባ። ኸሊፋ ተደርገናል ስንል እንግዲህ የንብረት ጠባቂ ተደርገናል ማለታችን ነው። ጠባቂ ከተረከበው ዕቃ የወደደውን ብቻ ለይቶ ቢያስረክብ አማናውን ጠበቀ አይባልም።

«ሰው እየተራበ ስለ ሌሙር?»

ይህ ጥያቄ በሐለቃ ላይ መነሳቱ አይቀርም፤ መነሳትም አለበት። የማዳጋስካር ገበሬ ደኑን የሚያቃጥለው ልጆቹን ለማብላት ነው። እሱን ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ሸሪዓችን የሰውን ነፍስ ያስቀድማል። ለችግር ጊዜ የተከለከለው ይፈቀዳል፤ ግን ፉቀሃዎቹ ወዲያው ያከሉት ደንብ አለ፤ ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ ነው። የተራበ ሰው የሚበላው ያህል እንጂ የሚያከማቸው አይፈቀድለትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ዙሪያ ዛፍ እንዳይቆረጥና አውሬ እንዳይታደን የከለከሉት ሰዎች ጠግበው በሚያድሩበት ዘመን አልነበረም። ድህነቱ እያለም ሐቁ ተጠብቋል።

ደግሞስ ችግሩ የማን ነው? ከዚያች ደሴት በወጣች አበባ ምክንያት በቶሮንቶም፣ በለንደንም፣ በአዲስ አበባም ሕፃናት ታክመዋል። ከመድኃኒቱ ሽያጭ ለማዳጋስካር ሕዝብ የደረሰው ግን ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ያን ጊዜ ይህን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። አገሮች በብዝኀ ሕይወታቸው ላይ ያላቸው መብት በዓለም አቀፍ ስምምነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስለዚህ ደኑን ለማዳን የሚወጣው ወጪ በድሃው ገበሬ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ከአበባዋ ውለታ የተጠቀመው ዓለም የሌሙሯን ሐቅ ለመጠበቅ ዕዳ አለበት። ገበሬው ከታቪ የተሻለ እርሻ፣ ከከሰል የተሻለ ማገዶ እንዲያገኝ ማድረግ ደግሞ የዳዕዋ ብቻ ሳይሆን የኢንጂነሪንግም ሥራ ነው።

የመጀመሪያው መስመር

አሁን ወደ ራሳችን ጠረጴዛ እንምጣ። የኮንስትራክሽን ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ የቦታ ጠረጋ ነው። በካሬ ሜትር ይለካል፤ ነጠላ ዋጋ አለው፤ ተባዝቶ ይደመራል። በዚያ መስመር ውስጥ ያለው ዛፍ፣ በዛፉ ላይ ያለው ጎጆ፣ በሥሩ ያለው ጉድጓድ ሁሉ «ጠረጋ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ሒሳብ ነው።

ማዳጋስካር ውስጥ በኢንድሪዎቹ ደን አካባቢ አምባቶቪ የሚባል ትልቅ የኒኬልና የኮባልት ማዕድን ማውጫ አለ። ማዕድኑ በ220 ኪሎ ሜትር ቱቦ ወደ ጠረፍ ከተማዋ ወደ ቶአማሲና ይወርዳል። ኒኬልና ኮባልት በስልካችንና በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ያሉ ነገሮች ስለሆኑ ጉዳዩ ከኪሳችን ሩቅ አይደለም። ድርጅቱ ለሚመነጥረው ደን ማካካሻ በሌላ ቦታ ያለ ደን እንዳይጨፈጨፍ ለመጠበቅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ማካካሻው በደን ስፋት ረገድ ወደ ግቡ እየደረሰ እንደነበር አሳይቷል፤ ሆኖም የጥበቃው ጫና በአካባቢው ድሆች ላይ ማረፉንም አንስቷል። ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጉዳቱ በዲዛይን ጊዜ ከታሰበበት መቀነስ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ የተስተካከለ ሒሳብ መሬት ላይ የአንዱን ሐቅ በሌላው ጫንቃ ሊከፍል ይችላል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የባሌ ጦጣ የምትገኘው በኢትዮጵያ ደቡባዊ ደጋማ ደኖች ብቻ ነው፤ ምግቧ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ቀርከሃው ሲመነጠር እሷም እንደ ኢንድሪ መሄጃ ታጣለች። በዚያ አካባቢ መንገድ የሚቀይሰው መሐንዲስ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ይሆናል።

ስለዚህ በጀመዓችን ለምንገኝ፣ በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምንሠራ ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ በፕሮጀክታችን ቦታ የሚኖረውን ፍጥረት በስሙ እንወቅ፤ የባዮሎጂ ተማሪ የሆኑ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለዚህ ቅርባችን ናቸው። ሁለተኛ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአገራችን ሕግ የተደነገገ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995ን አንብበን እንረዳው፤ ለይስሙላ የሚሞላ ቅጽ አድርገን አንየው። ሦስተኛ፣ ሁለት አማራጭ ስናወዳድር ከዋጋው አጠገብ «ይህ መስመር የማንን መኖሪያ ያነሳል? ሌላ ቦታስ አለው?» የሚል አንድ ረድፍ እንጨምር። እንደ አበባዋ የትም የሚበቅለውን ማንሳትና እንደ ኢንድሪ መተኪያ የሌለውን ማንሳት በአንድ ነጠላ ዋጋ አይተመኑም።

ሙስሊም ተክሎ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በዲዛይኑ ምክንያት አንድ ደን ሳይነካ የቀረለት መሐንዲስም አጅሩ ከአላህ ዘንድ እንደማይጠፋበት ተስፋ እናደርጋለን፤ ወላሁ አዕለም። አላህ (ሱ.ወ.) እውቀታችንን የሚጠቅም ያድርግልን፣ የታመሙትን ሕፃናት ሁሉ ያሽርልን፣ አማናችንን ሳናጎድል ከሚያስረክቡት ያድርገን። አሚን።